እንግዳችን መቼ ወዳጃችን ይሆናል?

ባለፈው ወር ከውጭ አገር ለመጡት ተማሪዎች የተደረገውን የአቀባበል ምሽት ያላያችሁ ጥቂቶች ናችሁ። ቄጤማው ተጐዘጐዘ፤ ዳቦው ተቈረሰ፤ ቡናው ተፈላ፤ የየብሔረሰቡ ዘፈን በተራ ተዘፈነ። እንግዶቹ ነጠላ ለብሰው መካከል ላይ ተቀመጡ፤ እኛም እጃችን እስኪቀላ ድረስ አጨበጨብን። ንግግር አድራጊው «ኢትዮጵያ ቤታችሁ ናት» ባለ ጊዜ ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው ይህን ጽሑፍ የሚጽፈው ሰው ነበር።

ይህ የሆነው ዓርብ ማታ ነው። ሰኞ በምሳ ሰዓት ወደ መመገቢያው አዳራሽ ስገባ አራቱ እንግዶቻችን ነፋስ በሚገባበት በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ብቻቸውን ተቀምጠው አየሁ። በጠረጴዛቸው ዙሪያ አራት ባዶ ወንበሮች ነበሩ። ሌላው ጠረጴዛ ሁሉ ከመሙላቱ የተነሣ አንዳንዱ ሳህኑን ይዞ ቆሞ ይበላል። እኔም ሳህኔን ይዤ በአጠገባቸው አለፍሁ፤ ራሴን ነቅንቄ ሰላምታ ሰጠሁና ያገሬ ልጆች ወዳሉበት ሄጄ በአንድ ወንበር ላይ ለሁለት ተቀመጥሁ። ምሳው ሽሮ ነበር። ደኅና አድርጌ አስታውሰዋለሁ፤ አልጣመኝምና።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቤ ሳመላልሰው የቈየሁት ነገር ይህ ነው። እኛ እንግዳ መቀበል እናውቃለን፤ ወዳጅ ማድረግ ግን ሌላ ሥራ ነው። እንዲያውም የመጀመሪያውን እጅግ ስለምናውቅበት ሁለተኛውን ሳንጀምረው እንቀራለን ብዬ እስከ መጠርጠር ደርሻለሁ።

በአገራችን ልማድ መንገደኛ በመሸበት ጊዜ ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ሲል «ቤት የእግዜር» ተብሎ ይገባል። እግሩ ይታጠባል፤ ከመደቡ ላይ ይቀመጣል፤ ከቤቱ ልጆች በፊት ይበላል። ማንም ሥራ አያዘውም፤ ቢሳሳትም የሚያርመው የለም። ሲነጋ ቤቱን መርቆ መንገዱን ይቀጥላል። ይህ ልማድ እጅግ ያማረ መሆኑን የሚክድ የለም፤ አያቴም ቤት ይህንኑ እያየሁ ነው ያደግሁት። ዳሩ ግን ልብ ብላችሁ ብታዩት የተሠራው ለአንድ ሌሊት ነው። ያው መንገደኛ ሁለት ሳምንት ቢቀመጥ ባለቤቲቱም ትጨነቃለች፤ እንግዳውም ይሳቀቃል። ከዚያ በኋላ ወይ መሄድ፥ ወይ እንጨት መፍለጥ መጀመር አለበት። እንጨት የፈለጠ ዕለት እንግድነቱ ያበቃል፤ የቤቱ ሰው ይሆናል።

ተማሪ ግን አራትና አምስት ዓመት ነው የሚቀመጠው። አራት ዓመት ሙሉ በእንግድነት መኖር ምን እንደሚመስል እስቲ አስቡት። ማንም አይቈጣህም፤ ማንም ገንዘብ አይበደርህም፤ ማንም «ተነሥና ውሃ አምጣ» አይልህም። ሁሉም ፈገግ ይልልሃል፤ ከዚያም ወደ ጠረጴዛው ይሄዳል። ይህ አክብሮት ነው እንላለን። እኔ ግን በበኩሌ አክብሮት የለበሰ በር መዝጋት ይመስለኛል።

ደግሞም እውነቱን እንነጋገር ካልን እንግዶቻችንን ሁሉ እኩል አናከብርም። ከኖርዌይ ወይም ከጀርመን ለስድስት ወር የመጣ ተማሪ በግቢው ሲታይ ጉርሻ ለማጕረስ የሚሻማው፥ ወደ ፍቅር ሐይቅ ወስዶ ፎቶግራፍ ለመነሣት የሚሮጠው፥ እንግሊዝኛውን ሊለማመድበት የሚከተለው ብዙ ነው። ከጁባ ወይም ከሐርጌሳ ለመጣው ግን የዓርብ ማታው ጭብጨባ ይበቃዋል። ሁለቱም በአንድ አውሮፕላን ማረፊያ የገቡ፥ በአንድ መዝገብ የተመዘገቡ ናቸው። ልዩነቱ ከምን እንደ መጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለማንናገረው ግን የሌለ ይመስለናል።

ከዚህም የሚብስ አለ። ከደቡብ ሱዳን የመጡ ወንድሞቻችን በመንገድ ላይ ሲያልፉ የሚጣልባቸውን ቃል ያልሰማ በመካከላችን አለን? ቃሉን እዚህ አልጽፈውም፤ ሰው እንደ ከብት ይሸጥ ከነበረበት ዘመን የቀረ ስድብ ነው። ከጋምቤላ የመጡት የገዛ አገራችን ልጆችም በዚሁ አፍ ይነካሉ፤ «ከየት አገር መጣህ?» እየተባሉም ይጠየቃሉ። አንድ የኑዌር ተወላጅ የሆነ ኢትዮጵያዊ የክፍል ጓደኛችን መታወቂያውን ከደረት ኪሱ የማያወጣበትን ምክንያት ሲነግረን ስቀን ነበር። እርሱ ግን አልሳቀም።

አሁን ወደ ኋላ መለስ ብለን አንድ ታሪክ እንመልከት፤ ይህ ጥያቄ በኢትዮጵያ ተማሪ ፊት ሲቀርብ የመጀመሪያው አይደለምና። በሚያዝያ ወር 1950 ዓ.ም. ነጻ የነበሩት ስምንት የአፍሪካ መንግሥታት በአክራ በተሰበሰቡ ጊዜ የኢትዮጵያ መንግሥት በንጉሠ ነገሥቱ ስም ለአፍሪካ ወጣቶች 200 የትምህርት ዕድል እንደሚሰጥ አስታወቀ። ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮም ከኬንያ፥ ከኡጋንዳ፥ ከታንጋኒካ፥ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ተማሪዎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገቡ። ኮሌጁ ከተከፈተ ገና ስምንት ዓመቱ ነበር።

የኢትዮጵያ ተማሪ በዚያን ጊዜ ስለ ራሱ የነበረው አስተያየት ከፍ ያለ ነበር። የዐድዋ ልጅ ነው፤ በቅኝ ግዛት ያልተገዛ ነው፤ የራሱ ፊደል አለው። ስለዚህ ገና ከባዕድ ቀንበር ሥር ካልወጡ አገሮች የሚመጡትን እንግዶች በርኅራኄ ዓይን ሊያያቸው ተዘጋጅቶ ቈየ። እነርሱ መጥተው በክፍልና በክርክር መድረክ ላይ ሲናገሩ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ጋዜጣ ያነባሉ፤ ስለ ሠራተኛ ማኅበር፥ ስለ ምርጫ፥ ስለ ሕዝብ መብት ይከራከራሉ፤ አገራቸው ነጻ ሳትሆን እነርሱ በአንደበታቸው ነጻ ናቸው። ከዚያም አልፈው ባለቤቶቹን ይጠይቁ ጀመር። ነጻ አገር ሆናችሁ ሳለ ገበሬያችሁ ስለ ምን እንዲህ ደኸየ? የተማሪ ማኅበራችሁ ስለ ምን ዝም ይላል? ራሳችሁን አፍሪካውያን ናችሁ ትላላችሁን ወይስ አትሉም?

ይህ ጥያቄ ያስቈጣ እንደ ነበር አያጠራጥርም። የንጉሥን እንጀራ እየበላ ቤቱን የሚነቅፍ እንግዳ በእኛ ልማድ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ታውቃላችሁ። እንግዶቹም በበኩላቸው ቅሬታ ነበራቸው። በከተማው ውስጥ እንደ ወንድም አልታዩም፤ ኢትዮጵያዊው ራሱን ከሌላው አፍሪካዊ ለይቶ ማየቱም ያሳዝናቸው ነበር። እንግዲህ ከሥልሳ ዓመት በላይ ያለፈው ቅሬታ ከዛሬው ምን ያህል እንደሚለይ አንባቢ ይፍረድ።

ይሁን እንጂ ከቍጣው በኋላ የሆነው ነገር ነው የሚደንቀኝ። የኢትዮጵያ ተማሪዎች ጥያቄውን ከእንግዶቹ አፍ ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት። ስለ ተማሪው እንቅስቃሴ ታሪክ የጻፉት ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴም ሆኑ ኖርዌያዊቷ የታሪክ ምሁር ራንዲ ባልስቪክ የእነዚህን የአፍሪካ ተማሪዎች መምጣት ሳያነሡ አላለፉም። በታኅሣሥ 1953 የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በተደረገ ጊዜ የኮሌጁ ተማሪዎች ደግፈው ለሰልፍ ወጡ። ያን ሰልፍ እንግዶቹ አመጡት አልልም፤ የራሱ ብዙ ምክንያት ነበረው። ግን ለሁለት ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተደረገው ክርክር ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን የሚክድ ያለ አይመስለኝም። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲመሠረትም «አፍሪካዊ ነኝ» ማለት ምን እንደ ሆነ ከመሪዎቹ ቀድሞ በመኝታ ቤቱ የተማረ የኢትዮጵያ ወጣት ነበር።

በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ ከተማሩት አንዱ ሮበርት ኡኮ የሚባል ኬንያዊ ነው። በ1954 ዓ.ም. ተመርቆ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በኋላም የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ፤ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በግፍ ተገደለ። ስለ ሞቱ ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በአዲስ አበባ ከማን ጋር ይበላ ነበር? ከየትኛው ልጅ ጋር ይከራከር፥ ማንስ ማስታወሻ ያውሰው ነበር? የሚኒስትሮች ታሪክ ይጻፋል፤ የመመገቢያ አዳራሽ ታሪክ ግን የሚጽፈው የለም። (ከዚያ ዘመን ተማሪዎች በሕይወት ያሉ አንባቢዎች ቢኖሩና ቢጽፉልን በዚህ ወረቀት ላይ ቦታ የሚከለክላቸው አይመስለኝም።)

እኛም ደግሞ በሰው አገር እንግዳ የሆንንበት ጊዜ አለ። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በሶማሊያ ጦርነት አባቶቻቸውን ያጡ በሺህ የሚቈጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች ወደ ኩባ ተልከው የወጣቶች ደሴት በምትባለው ምድር ተምረዋል። ከነዚያ ልጆች አንዱ የነበሩ መምህር አሉን፤ ስማቸውን ብጽፈው ስለማይወዱ ትቼዋለሁ። ትምህርት ቤቶቹ በየአገሩ የተለዩ ነበሩ፤ የኢትዮጵያ ለብቻ፥ የአንጎላ ለብቻ፥ የሞዛምቢክ ለብቻ። ግማሹ ቀን ለትምህርት ግማሹ ደግሞ በብርቱካንና በግሬፕፍሩት እርሻ ላይ ለሥራ ነበር።

አንድ ቀን ከክፍል በኋላ ስፓኒሽ እንዴት እንደ ለመዱ ጠየቅናቸው። «በመጀመሪያው ወር ያየን ሁሉ ያቅፈን፥ ይስመን፥ ያለቅስልን ነበር፤ ከዚያ ሁሉ እቅፍ አንድ ወዳጅ አላተረፍሁም» አሉን። «አንድ ቀን የእርሻው ኀላፊ የደረሰኝን ረድፍ ሳልጨርስ ተኝቼ አገኘኝና በቁጣ ጮኸብኝ። የጮኸብኝ ልክ እንደ ገዛ ልጁ ነበር። ያን ዕለት ማታ ደብዳቤ ለእናቴ ስጽፍ ‹ሰው አገኘሁ› ብዬ ጻፍሁ።» ዛሬ ያ ሰው ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። መምህራችን ግን ስለ እርሱ ሲናገሩ አሁንም ድምፃቸው ይለወጣል፤ የተናገረባቸውንም ስድብ በስፓኒሽ ይደግሙልናል፤ መተርጐም ግን እምቢ ይላሉ።

ስለ ራሴ ጥቂት መናገር አለብኝ፤ ሌላውን ብቻ መንቀፍ አይገባምና።

ሁለት ዓመት በፊት በአፈር ትምህርት ላቦራቶሪ ከጁባ ከመጣ ልጅ ጋር አንድ ቡድን ደረሰን። ቁመቱ ረጅም፥ ንግግሩ ጥቂት ነበር፤ አማርኛ ግን ከሁላችን ይልቅ እየጠየቀ ይማር ነበር። እኔም እንግዳ ተቀባይ ነኝና ከላቦራቶሪ ስንወጣ ሻይ ቤት እየወሰድሁ እጋብዘው ጀመር። እርሱ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ «ኧረ በማርያም! አንተ እንግዳ ነህ» ብዬ እጁን እይዛለሁ። እንዲህ እያልን ሦስት ሳምንት ያህል እንደ ቈየን መምጣት ተወ። ኵሩ ነው ብዬ አማሁት። በኋላ ጠየቅሁት። ነገሩን ፈራ ተባ እያለ እንዲህ አለኝ፦ «ሁልጊዜ አንተ ትከፍላለህ። እኔ አፍ ብቻ ነኝ? እጅ የለኝም?»

ይህ ንግግር በሕይወቴ ከሰማኋቸው ትምህርቶች ሁሉ ይበልጥብኛል። እኔ ቸርነት ያልሁት ነገር ለካ እርሱን ባለ ዕዳ አድርጎ ማኖር ኖሯል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የአጎቱ ልጅ ታቦር ክፍለ ከተማ ወደ ተከራየው ቤት ወሰደን። በመጀመሪያ ግን አሞራ ገደል ሄድን፤ ዓሣ ሊገዛ። እኔ ከደብረ ማርቆስ የመጣሁ ደገኛ ነኝ፤ ስለ ዓሣ የማውቀው እሾህ እንዳለው ብቻ ነው። እርሱ በዓባይ ዳር ያደገ ነው፤ ከጁባ አጠገብ የሚያልፈው ነጭ ዓባይ ማለት ነው። አባ ኮዳዎቹ ዙሪያችንን ከበው ሲጠባበቁ ቆሮሶውን አንሥቶ ጕሮሮውን ገለጥ አድርጎ አየና «ይህ የዛሬ አይደለም» ብሎ ለነጋዴው መለሰለት። ነጋዴው በመጀመሪያ ተቈጣ፤ ቀጥሎ ሳቀ፤ ከዚያም ከታች ካለው ሣጥን ሌላ አወጣለት። እኛ በሐዋሳ ሁለት ዓመት የኖርን ሰዎች በሐዋሳ ገበያ እንግዳ ሆነን ቆምን፤ የጁባው ልጅ ባለቤት ሆነ።

ከዓሣው ጋር ኪስራ ቀረበ። ከማሽላ ሊጥ በስሱ የሚጋገር፥ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። እኔም ቀምሼ «ይህማ የቀጠነ እንጀራ ነው» አልሁ። የአጎቱ ልጅ ሚስት «አይደለም፤ እንጀራችሁ ነው የወፈረ ኪስራ» አለች። በዚህ ጉዳይ ላይ እስኪመሽ ድረስ ተከራከርን፤ እስከ ዛሬም አልተስማማንም። ከበላን በኋላ ሳህን ላጥብ ስነሣ ማንም አልከለከለኝም። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር። አላለቀም። ከአሞራ ገደል ሌላ ቀን ስንመለስ ባጃጅ ላይ ከተሳፈሩት አንዱ ያን ቃል ጣለበት። እኔ ሰማሁ። ሰምቼም ፊቴን ወደ ሐይቁ መለስሁ፤ ሐይቁን እንደማደንቅ ሆንሁ። ጓደኛዬ ምንም አልተናገረም። ከአሥር ቀን በኋላ በላቦራቶሪ ውስጥ አርፍዶ ስለ መጣ ስወቅሰው ነገሩ ሁሉ ወጣ። «የሰደበኝን ሰው አላውቀውም፤ ስለዚህ አላመመኝም» አለኝ። «አንተን ግን አውቅሃለሁ። ሐይቁን ስታይ አየሁህ።»

ሦስት ሳምንት ያህል ሳንነጋገር ቈየን። እርሱ እውነቱን ስለ ተናገረ እኔ ተቀየምሁ፤ የሰው ልጅ እንዲህ ነው።

በዚያው ወር መጨረሻ እናቴ መታመሟ ተነገረኝ። ከሐዋሳ አዲስ አበባ፥ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ የአውቶቡስ ዋጋ ያስፈልገኛል፤ በእጄ ምንም የለም። ያገሬን ልጆች በየመኝታ ቤቱ ዞርሁ፤ የወር መጨረሻ ነውና ሁሉም ባዶ ነበር። ከጁባው ልጅ በር ፊት ሁለት ጊዜ አልፌ ሁለት ጊዜ ተመለስሁ። በሦስተኛው አንኳኳሁ። ነገሩን ከሰማ በኋላ ሣጥኑን ከፍቶ 2,000 ብር ቈጠረልኝ። ከዚያም ደብተሩን አውጥቶ ስሜን፥ ቀኑንና የገንዘቡን ልክ ጻፈ። «ይህ ብድር ነው፤ ስጦታ አይደለም» አለኝ። በመጀመሪያ እንደ ባለ ሱቅ ስለ ጻፈኝ ከፋኝ። አውቶቡሱ ሞጆን ካለፈ በኋላ ግን ገባኝ፤ እኔ ሻይ ስከፍልለት ያላደረግሁለትን ነገር እርሱ አደረገልኝ፤ እኩል አደረገኝ።

እናቴ ዳነች። ስመለስ መጀመሪያ የሄድሁት ወደ እርሱ ነው፤ ስለ ሐይቁም ይቅርታ ጠየቅሁት። «በሚቀጥለው ጊዜ ምን ትላለህ?» አለኝ። አላውቅም አልሁት። የሚቀጥለው ጊዜ ብዙ አልዘገየም፤ በመናኸሪያ አጠገብ መጣ። ተናገርሁ። ድምፄ ቀጭን ነበር፤ ሰውየውም ገፍትሮኝ ሄደ። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም፤ ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደ ሆነና ምን ያህል ዘግይቼ እንዳደረግሁት እንድታዩ ነው።

አንዳንድ አንባቢ «እኛ ኢትዮጵያውያን እርስ በርሳችን ሳንተዋወቅ ስለ ውጭ አገር ሰው ምን ያስጨንቅሃል?» ሊለኝ ይችላል። ይህ አባባል እውነት አለበት። ከየክልሉ ተመድበን እዚህ ስንመጣ በየአካባቢያችን ተሰብስበን እንበላለን፤ እኔ ራሴ «ኬሬ» ማለት በሲዳምኛ ሰላም ማለት መሆኑን ያወቅሁት በሁለተኛው ዓመቴ ነው፤ እርሱንም ቡና ከምትሸጥልን እናት ነው የተማርሁት። የፊቼ ጨምበላላ በዓል በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መመዝገቡን ለፈተና አጥንቼ አውቅ ነበር፤ በዓሉን የሚያከብር አንድ የሲዳማ ቤተ ሰብ ግን አላውቅም ነበር። እንግዲህ በሽታው አንድ ነው። ከየትኛው ጫፍ ሕክምናው ቢጀመር ለሌላው ይደርሳል እንጂ አንዱ ሌላውን የሚያስቀድምበት ምክንያት አይታየኝም።

ማኅበራችን ምን ሊያደርግ ይችላል? የአቀባበሉ ምሽት ይቅር አልልም፤ ዳቦው ጥሩ ነበር። ነገር ግን ለውጭ አገር ተማሪዎች ተብሎ የተለየው መኝታ ቤት ይቅር። ሰው ሌሊት ማን እንደሚያንኮራፋ ሳያውቅ ወዳጅ አይሆንም። በማኅበሩ ኮሚቴዎች ውስጥ ለክብር ሳይሆን ለሥራ ይግቡ፤ በተለይ የምግብ ጉዳይ በሚታይበት ኮሚቴ፤ ስለ ወጡ ከእኛ ይልቅ የሚናገሩት አላቸው። እነርሱ አማርኛ ሲማሩ እኛ ከእነርሱ ቋንቋ «እንደምን አደርህ» እንኳ አለማወቃችን ያሳፍራል። የጁባው ጓደኛዬ የአረብኛ ሰላምታ አስተምሮኛል፤ ስናገረው ይስቅብኛል። መሳቁም ጥቅሙ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ይንቀፉን። በ1951 ዓ.ም. የመጡት እንግዶች ለኢትዮጵያ ተማሪ የሰጡት ትልቁ ስጦታ ነቀፌታ ነበር፤ እነዚያም ተማሪዎች ከተቈጡ በኋላ ሰምተዋል። እኛ ግን ለእንግዶቻችን ማይክሮፎን የምንሰጠው «ኢትዮጵያን እንዴት አገኛችኋት?» ብለን ለመጠየቅ ብቻ ነው፤ መልሱንም አስቀድመን ነግረናቸዋል።

በዚህ ምክንያት ጓደኛዬን ለሚቀጥለው ዕትም ስለ ግቢያችን የሚያስበውን ሁሉ በአማርኛ እንዲጽፍ ለመንሁት። ጥቂት አሰበና ሁለት ነገር ጠየቀኝ። የመጀመሪያው፥ ከ2,000ው ብር ገና ያልከፈልሁት 800 መቼ እንደሚመለስለት ነው፤ ይህንንም የጠየቀኝ በሰው ፊት ነው። ሁለተኛው «ሳትቈርጡ ታወጡታላችሁ?» የሚል ነበር። ስለ መጀመሪያው የመስከረም ደመወዜን ያህል ዋስትና ሰጥቼዋለሁ፤ ደመወዝ እንደሌለኝ ያውቃል። ስለ ሁለተኛው ግን አዘጋጁን ልጠይቅልህ አልሁት። አዘጋጁ ይህን ጽሑፍ ከሁላችሁ በፊት ያነበዋልና ጥያቄው ደርሶታል ማለት ነው።